እናቴ ያዳነቻቸው ካርዶች

በእኔ ዕድሜ የሚገኝ አሜሪካዊ ስለ ልጅነቱ የቤዝቦል ካርዶች፣ ማለትም ልጆች ስለሚሰበስቧቸው የተጫዋቾች ፎቶ ያለባቸው ካርዶች፣ ከተነሳበት ወቀሳው የሚያርፈው ምንጊዜም በእናቱ ላይ ነው። ኮሌጅ በገባ ማግስት እናቱ ክፍሉን ስታጸዳ በጫማ ካርቶን ያስቀመጣቸውን ካርዶች ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ጥላበታለች፤ ባትጥልበት ኖሮ ዛሬ ሀብታም ነበር። ይህን ታሪክ በሥራ ቦታም፣ በልጄ ትምህርት ቤት በር ላይም ደጋግሜ ስለሰማሁት ተራኪው ሳይጨርስ እኔ ልጨርስለት እችላለሁ። የእኔ እናት ግን በመጣል አትታማም። በእርሷ ቤት የወተት ዱቄት ጣሳ እንኳን ባዶ ሲሆን ታጥቦ በርበሬ ይገባበታል እንጂ ቆሻሻ ውስጥ አይገባም። የእኔን ካርዶች ያጠፋቻቸው በማስቀመጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1988 የጸደይ ወራት ከአዲስ አበባ መጥተን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ስንገባ ዋሽንግተን ከ1971 ወዲህ የራሷ የቤዝቦል ቡድን አልነበራትም፤ ስለዚህ የሰፈራችን ልጆች የሚደግፉት የባልቲሞሩን ኦሪዮልስ ነበር። ኦሪዮልስ ደግሞ የዚያን ዓመት ውድድር የጀመረው በተከታታይ 21 ጨዋታ በመሸነፍ ነው። አባቴ የጨዋታውን ሕግ ባያውቅም ውጤቱን ከታክሲው ሬዲዮ እየሰማ ይመጣና ጫማውን እያወለቀ «ዛሬም ያው ናቸው» ይለን ነበር። ገና ኑሮ ላልለመደ ቤተሰብ ከእኛ የባሰበት መኖሩ ትንሽ ሳያጽናናን አልቀረም።

እንግሊዝኛ ሳላውቅ ከልጆቹ ጋር ያቀራረቡኝ ካርዶቹ ናቸው፤ ለመለዋወጥ ጣት መቀሰርና ራስ መነቅነቅ ይበቃ ነበርና። ቶፕስ የተባለው የካርድ ኩባንያ ፓኬት በሰም ወረቀት የተጠቀለለ ሲሆን፣ ውስጡ ከካርዶቹ ጋር ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ጠፍጣፋ ማስቲካ ነበረው። ይህ ማስቲካ ገና ሲነከስ እንደ ሸክላ ይሰባበራል፤ ጣዕሙ ከጥቂት ማኘክ በኋላ ይጠፋል፤ አጠገቡ የነበረው ካርድ ላይ ግን የማይለቅ እድፍ ትቶ ይሄዳል። ዛሬ ያ እድፍ ዋጋ ይቀንሳል። ያኔ ግን ጓደኛዬ ካርዱን ከመስጠቱ በፊት እድፉን በምላሱ ሲያጣጥም አይቼ እኔም ተከትዬዋለሁ።

በ1989 አፐር ዴክ የተባለ አዲስ ኩባንያ ማስቲካ የሌለው፣ በሚያብለጨልጭ ፎይል የታሸገና ዋጋው አንድ ዶላር ገደማ የሆነ ፓኬት ይዞ ብቅ አለ። ቁጥር 1 ካርዱ ላይ የወጣው የ19 ዓመቱ ኬን ግሪፊ ጁኒየር ነበር። ካርዱ ሲዘጋጅ ልጁ በዋናው ሊግ አንድም ጨዋታ ስላልነበረው ፎቶው የተወሰደው የታችኛው ሊግ ቡድን ኮፍያ አድርጎ ሳለ ነው፤ ኩባንያው ኮፍያውን ቀብቶ የዋናው ሊግ ቡድን የሲያትል ማሪነርስ አስመሰለው። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ አንገቱ ላይ የወርቅ ሰንሰለት አጥልቆ፣ ጥርሱ እስኪታይ ይስቃል። አባቴ ከጉርሻው ከፍሎልኝ ከከፈትኳቸው ፓኬቶች በአንዱ ውስጥ ይህ ልጅ ሲወጣ ጩኸቴ ጎረቤት አስወጣ።

እናቴ «ይህ የማን ልጅ ነው?» ብላ ተቀበለችኝና ፈገግታውን ወደደችለት። በዚያው ሰሞን ከትምህርት ቤት ስመለስ የተሻሉትን ካርዶች መርጣ፣ ጀርባቸውን ኮላ ቀብታ፣ በቤተሰቡ የፎቶ አልበም ውስጥ አንድ በአንድ ለጥፋ ጠበቀችኝ። ግሪፊ የደረሰው በእህቴ ክርስትናና በአጎቴ የምርቃት ፎቶ መካከል ነው። «ከእንግዲህ አይጠፋብህም» አለችኝ፤ እውነትም አልጠፋብኝም። ቡና የሚጠጡ እንግዶች አልበሙን እያገላበጡ እዚያ ገጽ ላይ ሲደርሱ «ይኼኛው ደግሞ ማነው?» ማለታቸው ስለማይቀር እናቴ ማብራራቱ ሲሰለቻት «የልጁ ጓደኛ ነው» እያለች ታልፈው ጀመር። አንዲት አክስቴ እስከ ዛሬ ስትደውል ጓደኛዬ ትዳር መያዙን ትጠይቀኛለች።

የካርድ ገበያ አስቂኝነት፣ ውድ የሆነው ሁሉ ውድ የሆነው ሰው ስላልጠበቀው መሆኑ ነው። የዝነኛው ተጫዋች የሚኪ ማንትል የ1952ቱ የቶፕስ ካርድ በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል፤ ያን ካርድ ያዘጋጀው የቶፕስ ሠራተኛ ሳይ በርገር ግን መጋዘን ያጣበበውን ትርፍ ክምችት በ1960 በጀልባ አስጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ መድፋቱን ሲናገር ኖሯል። የቀረውን ደግሞ ልጆች በብስክሌት ጎማቸው ሽቦ ላይ እያሰሩ አንጣጡበት፤ የተረፈውን እናቶች ጣሉት። የእኛ ትውልድ ይህን ሰምቶ ሁሉንም በጥንቃቄ አስቀመጠ፤ ኩባንያዎቹም እኛ ማስቀመጣችንን አይተው ያለ ልክ አተሙ። ስለዚህ የዚያ ዘመን ካርቶኖች ፓኬታቸው ሳይከፈት ዛሬም በርካሽ ይሸጣሉ። ከዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ እስከ ዛሬ ፈላጊ ካላቸው ጥቂቶች አንዱ ግሪፊ ነው፤ የእኔ ግሪፊ ግን ከአልበም ጋር ተጋብቷል።

ቢሆንም ተስፋ አይቆረጥምና አልበሙን በብብቴ ይዤ ወደ አንድ የካርድ ገበያ ሄድኩ። ነጋዴው ገጾቹን በጣቱ ጫፍ እየገለጠ ግሪፊ ላይ ሲደርስ ጠርዙን በጥፍሩ ሊያነሳው ሞከረ፤ ካርዱ ንቅንቅ አላለም። የእናቴ ሥራ ነውና። ትንሽ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ ወደ ክርስትናው ፎቶ እያመለከተ «ሕፃኗ በጣም ታምራለች» አለኝና አልበሙን ዘግቶ መለሰልኝ።

ገበያው ራሱ የማውቀው አልነበረም። ከ1991 ጀምሮ ፒ.ኤስ.ኤ. የተባለ ድርጅት ለካርዶች እንደ ይዞታቸው ከ1 እስከ 10 ደረጃ እያወጣ በወፍራም ፕላስቲክ ያሽጋቸዋል፤ በወረርሽኙ ጊዜ ፍላጎቱ ከመናሩ የተነሳ በ2021 የሚጎርፍለትን ካርድ ማስተናገድ አቅቶት አብዛኛውን አገልግሎቱን ለወራት አቋርጦ ነበር። በዚያው ዓመት ታርጌት የተባለው የመደብሮች ኩባንያ፣ ዊስኮንሲን ግዛት በሚገኝ አንድ መደብሩ የመኪና ማቆሚያ ላይ በካርድ ሰበብ ጠብ ተነስቶ ሽጉጥ እስከ መመዘዝ ከተደረሰ በኋላ በመደብሮቹ መሸጡን ለጊዜው ተወው። ልጄ ደግሞ የማያውቀው ሰው ፓኬት ሲከፍት በስልክ ያያል፤ ለማየት ብሎ ገንዘብ የሚከፍልም አለ። ፓኬት የመክፈትን ደስታ ለሌላ ሰው ከፍሎ ማስከፈት በእኔ ዓይን ሠርግ በውክልና እንደመደገስ ነው፤ ልጄ ግን አልገባህም ይለኛል።

የሆነ ሆኖ ለልደቱ ደረጃው 9 የሆነ፣ በፕላስቲክ የታሸገ ግሪፊ ገዛሁለት። ልጄ አገላብጦ አየውና «እንዴት ነው የሚከፈተው?» አለኝ። እንደማይከፈት ስነግረው ፊቱ ወረደ። እኔ ወደ ሥራ ስሄድ እርሱ ጉዳዩን ይዞ ሊጠይቀን ወደ መጣችው አያቱ ሄደ።

ማታ ስገባ እናቴ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጣለች፤ ፊት ለፊቷ ሙቀጫና ዘነዘና፣ ዙሪያዋን የፕላስቲክ ስብርባሪ። ካርዱ በልጄ እጅ ነው። አንዱ ማዕዘኑ ተቆልምሟል፤ ፈገግታው ላይ ቀይ ብናኝ አርፎበታል፤ ጠጋ ስል ኮረሪማ ኮረሪማ ሸተተኝ።

«እማዬ፣ ምን አደረግሽ?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ፎቶው ውስጡ ተቀርቅሮ ልጁ ማውጣት አቃተው። በቢላ ብሞክር እምቢ አለ። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሠራ ሰው ምን ዓይነት ጨካኝ ነው?»

ደረጃ ማለት ምን እንደሆነ፣ ፕላስቲኩ ከተሰበረ 9ኙ አብሮ እንደሚሄድ፣ እንደገና ለማሳሸግ እንደገና እንደሚከፈል በትዕግሥት አስረዳኋት። ሁሉንም በጥሞና ሰማችኝ። ልጄ በዚህ መካከል የካርዱን ጀርባ እያነበበ በአውራ ጣቱ ማዕዘኑን ያቃናል፤ ማለትም የባሰ ያጥፈዋል። በመጨረሻ እናቴ ስንት እንደገዛሁት ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ካርዱን ከልጄ እጅ ተቀብላ መነጽሯን አስተካክላ ትክ ብላ ካየችው በኋላ፦

«በዚህ ገንዘብማ ልጁ ራሱ መጥቶ፣ እራቱን በልቶ መሄድ ነበረበት» አለች።