የ«በሞቴ» ልምምድ

ጳጉሜን 4፣ ማታ

ዝናቡ አላባራም። ትናንት ሩፋኤል ነበርና የሰፈሩ ልጆች ዝናብ ውስጥ ሲንቦጫረቁ ውለው ዛሬ ግማሾቹ ያስነጥሳሉ። እኔም ከስብሰባችን የተመለስኩት ጫማዬ ርሶ ነው። ሳልተኛ ልጻፈው ብዬ ነው እንጂ እጄ እንኳ በቅጡ አልሞቀም።

ስብሰባ የምለው ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ በኋላ የምንገናኘውን ነው። ከሱስ ሕክምና የወጣን ሰዎች ነን፤ ዘጠኝ፣ አንዳንዴ ስድስት፣ እንደ ዛሬ ሲዘንብ ደግሞ አምስት። ሐኪም የለንም። የሚመራን ራሱ ከእኛው አንዱ ነው፤ መጠጥ ካቆመ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ቆሎ እንቆረጥማለን፣ እዚያ የሰማነውን እዚያው ጥለን እንወጣለን። (ይህንንም የምጽፈው አስፈቅጄ ነው።)

የዛሬው ወሬ ዕንቁጣጣሽ ነበር። ለሌላው ሰው ዕንቁጣጣሽ አደይ አበባና ዶሮ ነው፤ ለእኔ ጠላ የጠመቀች አክስት ናት። የቢራ ማስታወቂያ በ2011 በወጣው አዋጅ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ጠፋልን። የአክስቴን አፍ የሚከለክል አዋጅ ግን እስካሁን አልወጣም።

የጣለችኝም እሷው ናት፤ በፍቅር ነው የጣለችኝ። አምና አንድ ወር ማገገሚያ ተኝቼ፣ ዲያዜፓም በሚባል መድኃኒት መንቀጥቀጤ ቆሞ፣ ስድስት ኪሎ ጨምሬ ወጣሁ። ሲሸኙኝ የመድኃኒት ማዘዣና «በርታ» ሰጡኝ። «በርታ» እስከ አሥራ ዘጠነኛው ቀን አገለገለኝ። በዚያ ቀን የዘመድ ልጅ ክርስትና ነበር፤ አክስቴ መለኪያ ይዛ መጣች። «ታክመህ ድነህ የለም እንዴ? አንዲት መለኪያ ምን ታደርግሃለች? በሞቴ!» ሱስ ለእሷ እንደ ወባ ነው፤ ከታከምክ ዳንክ። እውነቱን ለመናገር ለእኔም የመሰለኝ እንደዚያው ነበር። አንዷን ጨለጥኩ። ከዚያ በኋላ ያሉትን አራት ቀናት የማውቃቸው ባለቤቴ ስለነገረችኝ ነው።

ሐኪሞቹን አላማም። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም እስከ መንፈራገጥ ሊደርስ፣ ሊሞትም ይችላል፤ ያንን ወር ያለ እነሱ አላልፈውም ነበር። ግን «በሞቴ» እንዴት እንደሚመለስ አላስተማሩኝም። ማን ያውቃል፣ ሐኪሙም የሚመልሰው እየጠጣ ይሆናል።

ዛሬ «እስኪ እንለማመደው» ያለችው ከመካከላችን በዕድሜ ትንሿ ናት። እናቷ አረቄ ሸጣ ነው ያሳደገቻት። ከቦርሳዋ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። መለኪያ። ከጆጉ ውሃ ሞላችበት፣ ነጠላዋን አጣፋችና ወደ ጋሼ ሄደች። ጋሼ ሠላሳ ዓመት የጅቡቲን መስመር የነዱ ሹፌር ናቸው። ጫቱን እንቅልፍ ለማባረር ጀመሩት፣ አረቄውን ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር።

«ጋሼ፣ ይቺን ብቻ።»

«ጨጓራዬን ያመኛል።»

«ውይ! ለጨጓራማ መድኃኒቱ ይሄ አይደል?»

«ሐኪም ከልክሎኛል።»

«ሐኪም ምን ያውቃል!»

«ጠበል ላይ ነኝ።»

እጇ አየር ላይ ቀረ። ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። እውነትም ጠበል ላይ ነኝ ላለ ሰው ማን ይቀዳል? መሪያችን ብቻ አልሳቀም። «ጋሼ፣ ጠበል ላይ ነዎት?» አላቸው። አይደሉም። «ታዲያ ለጥምቀት ምን ሊሏቸው ነው?»

በዚህ ተከራከርን። እሱ እውነቱን ተናገሩ ባይ ነው፤ «አልኮል አልጠጣም፣ ከጠጣሁ ማቆም አልችልም» ብሎ መቁረጥ። እኔ አልተስማማሁም። አንድ ዓመት ያልሞላው ሰው የሚችለውን ይበል፣ በኮሶም ያሳብብ። ለአክስቴ ብዋሽ ግድ የለኝም፤ እዚያ ክፍል ውስጥ መዋሸት ስጀምር ነው የምፈራው። ድሬዳዋ ያደገው ልጅ ዝም ብሎ ሲሰማን ቆይቶ፣ «የናንተስ ጥሩ ነው፣ ትለመናላችሁ» አለ። «እኔን ማንም በሞቴ አይለኝም። ፍራሹ ላይ ጠጋ ይሉና ቦታ ይለቁልኛል፣ በቃ።»

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ።

ውሃ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስትቀዳው አይቻለሁ። ግን መለኪያዋ ስትጠጋኝ ምራቄ ሞላ። አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ሳላዛቸው ተከፈቱ። ልጅቷ ድምፅዋን ወፈር አድርጋ «በሞቴ፣ የኔ ልጅ» አለች፤ ቁርጥ አክስቴን። ጨጓራዬን ልበል፣ ጠበል ልበል፣ አፌ ተሳሰረ። ሳላስበው ይዣት ነበር። ብርጭቆዋ ቀዝቃዛ ናት፣ ከሥሯ ከበድ ትላለች፣ ልክ እንደማውቃት። አሥራ አንድ ወር ከሁለት ሳምንት ከአንዲት ጠብታ ሳልደርስ ቆይቼ፣ ውሃ ይዤ እንደ ቅጠል ተንቀጠቀጥኩ።

ማንም «በርታ» አላለኝም። ጋሼ ከወንበራቸው ተነሱና ያንን ሰፊ የሹፌር መዳፋቸውን በእጄ ላይ አድርገው መለኪያዋን ገለበጧት። ጫማዬን ያራሰው እንግዲህ ዝናቡ ብቻ አይደለም። «ለፋሲካ ስንለማመድ እኔ ጨልጬው ነበር» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።

መሪያችን ተቆጣ፤ መለኪያ ይዞ መምጣት ልክ አይደለም አለ። ልጅቷም አልተሸነፈችም፦ «አክስቱ በፕላስቲክ ኩባያ አትቀዳለትም።» ማን ትክክል እንደሆነ አሁንም እያሰብኩ ነው።

መሪያችን ነገር ሲካረር የሚያወራት አንድ ታሪክ አለችው፤ ዛሬም አወራት። ጊዜው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1935 ነው፣ አገሩ አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ አክረን ከተማ። መጠጥ ካቆመ አምስት ወር የሆነው የአክሲዮን ሰው ንግዱ ከሽፎበት ሆቴል ውስጥ ብቻውን ቆሟል። በአንድ በኩል ባሩ ይንጫጫል፣ በሌላው በኩል ስልክ አለ። ወደ ስልኩ ሄደና ሰካራም አገናኙኝ አለ። ያገናኙት ከአንድ ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም ጋር ነው። ሐኪሙ ሩብ ሰዓት ብቻ ብሎ መጥቶ ሰዓታት ተቀመጠ። በኋላ አንዴ አገረሸበት፤ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ጁን 10 ደግሞ እንደ እኛ ያሉ ጠጪዎች እርስ በርስ የሚደጋገፉበት ማኅበር፣ የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ የልደት ቀን ሆነ። ስሰማት ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ፤ የምትጥመኝ ግን ሰውየው የደወለው ለራሱ ብሎ መሆኑ ነው። ሐኪሙም ቢሆን መድኃኒቱ ሁሉ በእጁ ሳለ የሚሰማው ሰካራም አስፈልጎት ነበር።

ልጅቷን ልሸኛት ታክሲ ተራ ድረስ አብረን ወረድን። ጃንጥላዋ አንድ ክንፉ ተሰብሯል። «ጋሽዬ፣ ይቅርታ» አለችኝ። ግድ የለም አልኳት። ትንሽ ቆይታ፣ «እኔ እኮ መለኪያዋን ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ነው የምይዛት» አለች። ምን እንደምላት አላወቅሁም። ከነገ ወዲያ ለበዓል እናቷ ቤት ትሄዳለች፤ እናቷ አሁንም ይሸጣሉ።

ስለዚህ ተራ አውጥተናል። ዕንቁጣጣሽ ዕለት ጋሼ 3 ሰዓት ላይ ይደውሉልኛል፣ እኔ 6 ሰዓት ላይ ለእሷ፣ እሷ 9 ሰዓት ላይ ለድሬዳዋው ልጅ። ያልተደወለለት ሰው ራሱ ይደውላል፤ ጫጫታ ካለ ደጅ ይወጣል። መብራት ሳይሄድ ስልኬን ልሰካ።