መስኮቱን ዝጊው፣ ብርድ ይመታሻል

ፍራንክፈርት ከመጣሁ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሰው "ከጀርመኖች ምን ተማርሽ?" ሲለኝ ሁሉም የሚጠብቀው ሰዓት ማክበር ምናምን እንድል ነው፣ እሱን ግን አልተማርኩም፣ ጓደኞቼ ምስክር ናቸው። እኔ የተማርኩት መስኮት መክፈት ነው። አትሳቁ።

መጀመሪያ መስኮታቸው ራሱ ጉድ ነው። እጀታውን ወደ ጎን ካዞርሽው እንደ በር ይከፈታል፣ ወደ ላይ ካዞርሽው ደግሞ ከላይ በኩል ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ ይሄን ማን ይንገረኝ? በመጣሁ ሳምንት ወደ ላይ ሳዞረው መስኮቱ ከነመስታወቱ ወደኔ ሲመጣ በቃ ተነቀለ ብዬ በሁለት እጄ ደግፌ ስጮህ፣ አብራኝ የምትኖረው ልጅ መጥታ በአንድ እጇ ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

ከዛ ብቻዬን ቤት ተከራየሁ። የመጀመሪያውን ዊንተር እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሐበሻ መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ከረምኩ፣ እዛው ሽንኩርት አቁላላለሁ፣ እዛው ልብስ አሰጣለሁ፣ እዛው ቡና ይፈላል። የካቲት ላይ አልጋዬን ሳንቀሳቅስ የግድግዳው ጥግ ጠቁሯል። ሻጋታ! በበረኪና ጠረግኩት፣ በሁለት ሳምንት ተመልሶ መጣ። አከራዬን ጠራሁት፣ ሰውየው ገና ግድግዳውን በደንብ ሳያይ "በቀን ስንቴ ነው መስኮት የምትከፍቺው?" አለኝ። ለካ የኪራይ ውሉ ላይ ተጽፏል፣ የፈረምኩትም እኔ፣ ያላነበብኩትም እኔ።

ነገርየው ሽቶስሉፍተን ይባላል። ስሙ ሽቶ ሽቶ ይላል እንጂ ሽቶ የለበትም። ሂተሩን ታጠፊያለሽ፣ መስኮቱን ወለል አድርገሽ ትከፍቻለሽ፣ ከተቻለ ፊት ለፊት ያለውንም፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ትቆያለሽ፣ ትዘጊያለሽ። ጠዋትና ማታ፣ ምግብ ከሠራሽ ወይ ሻወር ከወሰድሽ ደግሞ ከዛ በኋላም። ትንፋሻችን፣ ድስቱ፣ እርጥብ ልብሱ ሁሉ እንፋሎት ነው፣ ያ እንፋሎት መውጫ ካጣ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ሆኖ ያርፋል፣ የድስት ክዳን ገልብጣችሁ እንደምታዩት ማለት ነው፣ ሻጋታው እዛ ላይ ይበቅላል። ቀኑን ሙሉ ገርበብ አድርጎ መተው ደግሞ ግድግዳውን ያቀዘቅዘዋል፣ ሂተሩም መንገዱን ነው የሚያሞቀው። እኔን የገረመኝ ውጪው በበረደ ቁጥር የሚበቃው ደቂቃ ማነሱ ነው፣ ሙቁና ቀዝቃዛው አየር ቶሎ ነው የሚቀያየሩት። ከታች ያሉት ጎረቤቴ፣ ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ ጥር ላይ ከዜሮ በታች ሆኖ እንኳን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መስኮቱ ተከፍቶ ብርድ ልብሳቸው ውጪ ተንጠልጥሏል። መጀመሪያ እብድ ናቸው ብዬ ነበር። አሁን እኔም አንጠለጥላለሁ።

እና ባለፈው ዓመት እማዬ ለሦስት ወር መጣች። የመጀመሪያው ጠዋት መስኮቱን ስከፍት የሰማሁት ድምፅ ሰው የሞተ ነው የሚመስለው። "ልጄ፣ ከእንቅልፍ የተነሳ ሰው ላይ መስኮት ይከፈታል? ምች ልታስመቺኝ ነው?" ሴትዮዋ ነገሩን አስባበት ነው የመጣችው፣ ሻንጣዋ ውስጥ የደረቀ ዳማከሴ በፌስታል አገኘሁ። ስለ ሻጋታው፣ ስለ እንፋሎቱ፣ ስለ ድስት ክዳኑ ሁሉ አስረዳሁ፣ "እኛ እናንተን ስናሳድግ ማን ሻገተ?" አለችኝ፣ ለዚህ ምን መልስ አለው። በመጨረሻ ተደራደርን፣ መኝታ ቤቱ ሲከፈት እሷ ጋቢዋን ተከናንባ ኪችን ትገባለች፣ የኪችኑ ተራ ሲደርስ መኝታ ቤት። በሁለተኛው ወር ሰዓት የምትቆጥረው እሷ ሆነች፣ ልክ አምስት ደቂቃው ሲደርስ "ሞላ! ዝጊ!"

ሌላም የያዝኩት አለ። ባዶ ጠርሙስ አልጥልም፣ አብዛኛው የፕላስቲክ ጠርሙስ 25 የዩሮ ሳንቲም ማስያዣ አለው፣ ሱፐርማርኬት ማሽኑ ውስጥ ከተሽ ብርሽን ትቀበያለሽ፣ እዚህ በዚህ ሲደነቁ እኔ በሆዴ ቆራሌው ይህን ስንት ዘመን ሠርቶታል እላለሁ፣ ቢራና ለስላሳ ለመግዛትስ ባዶ ጠርሙስ ይዘን አይደል የምንሄደው። እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፣ ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ሁሉ የገባ ነገር ነው፣ ወተት ቅዳሜ ረሳሽ ማለት እሑድ ቡናሽን በጥቁሩ ጠጣሽ ማለት ነው። መጀመሪያ አናደደኝ፣ አሁን እሑዴን ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም። ከሁሉ የምወደው ግን ከሥራ ሲወጡ "ሾነን ፋይራቤንድ" መባባላቸው ነው፣ ከሥራ በኋላ ያለው ጊዜ ያንቺ ነው፣ መልካም ይሁንልሽ እንደማለት። እኛ የሚሠራውን ሰው "በርቱ" እንላለን፣ ሲጨርስ የምንለው ምን አለ? እስኪ አስቡት።

ሂሳብ ለየብቻ መክፈሉን ግን እንቢ ብያለሁ፣ አስተናጋጁ "አንድ ላይ ወይስ ለየብቻ?" ሲል አሁንም ያሳፍረኛል። "በሞቴ፣ እኔ ልክፈል" ተባብሎ እጅ ለእጅ ካልተያያዙማ ምሳው ምኑን ምሳ ሆነ።

እና ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ለዕረፍት አዲስ አበባ ገባሁ፣ ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ ሚኒባስ ይዤ ነው፣ ዝናብ አባርቷል፣ ታክሲው ጢም ብሏል፣ መስታወቱ በሰው ትንፋሽ ጉም ለብሷል፣ እኔ ደግሞ ጎኔ ያለውን መስታወት አየሁትና አላስችል አለኝ፣ አንድ ስንዝር ያህል ሳብ አደረግኩት። ሦስት ሰከንድ አልሞላም። "የኔ እህት፣ መስኮቱን!" ከኋላዬ ልጅ ያቀፈች ሴት ናት፣ ቀጥላ አጠገቤ ያሉት አባት፣ ቀጥሎ ረዳቱ ራሱ "ሕፃን አለ እኮ፣ እናት!" ስለ ድስት ክዳኑ ልጀምርላቸው ብዬ ነበር። ዞር ብዬ ሳያቸው ግን ሁሉም ፊት ላይ እማዬን አየኋት።

ዘጋሁት፣ ምን አባቴ ላድርግ።