ከ400 ኩንታል ማዳበሪያ ጋር በአባይ በረሃ

በግንቦት 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የተጓዝኩት ከጅቡቲ ወደብ ማዳበሪያ ጭኖ በመጣ ባለ ተሳቢ መኪና ጋቢና ውስጥ ነበር። ማዳበሪያው ክረምት ሳይገባ ገበሬው እጅ መድረስ ስላለበት በዚያ ሰሞን የጎጃም መንገድ በከባድ መኪና ይጨናነቃል። ሱሉልታን፣ ጫንጮን፣ ሙከጡሪንና ፍቼን አልፈን ገብረ ጉራቻ እስክንደርስ ይህ ነው የሚባል ነገር አልገጠመንም፤ ሜዳ ላይ 400 ኩንታል የጫነ መኪና ከሌላው የሚለየው በዝግታው ብቻ ይመስላል። ልዩነቱ የሚታወቀው የአባይ በረሃ ቁልቁለት የሚጀምርባት ጎሃ ጽዮን ሲደረስ ነው።

በዚህ መስመር ጸጉሩ የሸበተው ሹፌር ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ዳር ይዞ ቆመ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ታኮ አስገባና ጎማዎቹን አንድ በአንድ በመዶሻ ይመታ ጀመር። ከመንታ ጎማዎች አንዱ ቢተነፍስ ጓደኛው ስለሚሸከመው በዓይን አይለይም፤ በመዶሻ ሲመታ ግን ሙሉው ያነጥራል፣ የተነፈሰው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ቀጥሎ ረዳቱ ጋቢና ገብቶ ፍሬን ሲረግጥ ሹፌሩ ተሳቢው ሥር ተጋድሞ የእያንዳንዱ ጎማ ፍሬን ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ተመለከተ። አንዱ ከሌሎቹ ላልቶ ስላገኘው በመፍቻ አጠበቀው። የተሳቢው ፍሬን ከላላ የማቆሙ ሥራ ሁሉ በፊተኛው መኪና ላይ ይወድቃል፤ ከዚያም አልፎ ተሳቢው ከኋላ እየገፋ መታጠፊያ ላይ ፊተኛውን ወደ ጎን ሊያጥፈው ይችላል።

ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ እስከ አባይ ወንዝ ድረስ 1,400 ሜትር ያህል ይወርዳል። 400 ኩንታል 40 ቶን ነው። የመኪናውንና የተሳቢውን ክብደት ትተን ጭነቱ ብቻ ከዚያ ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 150 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል፤ ይህን ሁሉ ፍሬን ብቻውን ይያዘው ከተባለ ጉልበቱ ወደ ሙቀት ተለውጦ የሚያርፈው ከጎማው ጋር በሚዞረው ክብ ብረት፣ በታምቡሩ፣ እና እሱን ከውስጥ ተጭኖ በሚይዘው የፍሬን ሸራ ላይ ነው። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፤ ሸራው እሱን ለመንካት የበለጠ መሄድ ይኖርበታል፤ ቢነካውም የጋለ ሸራ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ሹፌሩ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ቢረግጥም መኪናው አይታዘዝም። ከአደጋ በኋላ «በፍሬን ብልሽት» ተብሎ ከሚነገረው ውስጥ ብዙው ይህ ይመስለኛል። ጠዋት ሲፈተሽ ደህና የነበረ ፍሬን ነው ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ የሚከዳው።

«በማርሽ ነው የሚወረደው፤ ፍሬን ለቸገረ ጊዜ ነው» አለኝ ሹፌሩ፣ ከባዱን ማርሽ፣ ማለትም መኪናውን በዝግታ የሚያስኬደውን ዝቅተኛ ማርሽ፣ ገና ከአናቱ ላይ እያስገባ። አጋማሽ ላይ ማርሽ ልቀይር ያለ ሰው ማርሹ እንቢ ካለው መኪናው ያለ ማርሽ ይለቀቅበታልና ምርጫው የሚደረገው ከላይ ነው። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው የድሮ ሹፌሮች ምክር ዛሬም ይነገራል፤ እሱ ግን የአሁኖቹ ሞተሮች ጉልበታቸው ብዙ ስለሆነ ዳገቱን በፈጣን ማርሽ ይወጡታል፣ በዚያው ማርሽ መውረድ አደጋ ነው ብሎ አንድ ዝቅ ያደርጋል። የሞተር ፍሬኑ፣ ማለትም ሞተሩ ራሱ መኪናውን ወደ ኋላ የሚይዝበት መሣሪያ፣ እያጓራ ፍጥነቱን ሲይዘው፣ መኪናው ሊያይል ሲል ብቻ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ ይረግጥና ወዲያው ይለቃል። እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ መውረድ ሸራውን የሚያነድድ ልማድ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ ነቅለው በዜሮ የሚለቁም እንዳሉ ሲነግረኝ ድምፁ ተቀየረ።

መንገዱ ራሱ አያግዝም። የሸለቆው መሬት ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ተሰንጥቋል፣ ሞገድ ሠርቷል፤ ከፍ ብሎ የተጫነ ተሳቢም እዚያ ላይ ይወዛወዛል። አንድ መታጠፊያ አጠገብ የቅርንጫፍ ክምር አየን። የተበላሸ መኪና ከፊት እንዳለ የሚያስታውቅ የሹፌሮች ምልክት ነው። ስንደርስ ግን መኪናው ተጠግኖ ሄዷል፤ ጎማውን ያስደገፉበት ትልልቅ ድንጋይ መስመሩ መሐል ቀርቷል። ሹፌሩ ቆሞ ረዳቱ ድንጋዩን እስኪያነሳ ድረስ ከኋላችን የደረሰ ሚኒባስ ጥሩምባውን አላቋረጠም።

በ2000 ዓ.ም. በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ የተመረቀውን፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግረን ዳገቱን ጀመርን። እዚህ የሚያሳስበው የሞተሩ ውኃ መፍላት ነው፤ ሹፌሩ ዓይኑ ከሙቀት መለኪያው ሳይነቀል ደጀን ገባን። ምሳ ላይ ስለ ክፍያ አነሳሁበት። ብዙ ሹፌር ከደመወዙ ይልቅ የሚተማመነው በምልልስ በሚያገኘው አበል ነው፤ ስለዚህ ጎሃ ጽዮን ላይ ለፍተሻ የሚቆምበት ሰዓት ከኪሱ የሚወጣ ያህል ነው። አደጋ ሲደርስ ሹፌሩን ብቻ የሚወቅስ ሰው ይህን ስሌት አብሮ ቢመለከት መልካም ነው። ባለንብረቱ ለፍተሻ የጠፋውን ሰዓት ቢከፍል፣ የትራፊክ ቅጣት ያልቻለውን ያስተካክላል የሚል እምነት አለኝ።

ደብረ ማርቆስ መጋዘን ስንደርስ ግማሹ ጭነት እዚያው ይራገፋል፣ ቀሪው ፍኖተ ሰላም ይሄዳል ተባለ። የመጋዘኑ ሰዎች ለወዛደሮቹ እንዲቀርብ የፊተኛው መኪና ይራገፍ አሉ። ሹፌሩ እንቢ አለ፤ ጭነት የያዘ ተሳቢ ባዶ መኪና ሲጎትተው፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ከባዱ ቀላሉን እየገፋ መሪ ያሳጣዋልና መጀመሪያ የሚራገፈው ተሳቢው ነው ሲል አስረዳቸው። ጥቂት ከተከራከሩ በኋላ መኪናውን አዙሮ ተሳቢውን ከመጋዘኑ በር አስጠጋ፤ ወዛደሮቹም ጭነቱ የተሸፈነበትን ሸራ ይፈቱ ጀመር።