ከአሮጌ ዕቃ መሃል ሸክላ ሲገኝ

ዛሬ ደብረ ብርሃን ገበያ፣ ከተሰበረ ሬዲዮና ከፋኖስ ጎን፣ ትንንሾቹ ባለ 45 ዙር (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ) የሙዚቃ ሸክላዎች ተቆልለው ነበር። ሽፋን የላቸውም፤ የምድጃ ጥላሸት ጠጥተዋል። መግዛት ለሚያምረው ጥቂት ልበል።

ሸክላውን ወደ ፀሐይ አዘንብላችሁ እዩት። ጭረት ሁሉ አያስፈራም፤ ጥፍር ሲያልፍበት የሚይዝ ከሆነ ግን መርፌው ይዘላል። የባሰው ጭረት ሳይኖረው ግራጫ የመሰለው ነው። የደነዘዘ መርፌ የሚሄድበትን ቦይ ፍቆታል፣ እጥበት አይመልሰውም። አግድም ይዛችሁም ጠርዙን እዩ፤ እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ሙቀት የከረመ ሊጣመም ይችላል።

የመሃሉ ወረቀት ተላጦ የዘፋኙ ስም ቢጠፋስ? በወረቀቱና በመጨረሻው ቦይ መካከል ባለው ለስላሳ ቦታ የተጫረ የሸክላውን መለያ ቁጥር ፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ1969 የተጀመረውን የሙዚቃ አሳታሚ፣ የአምሃ ሪከርድስን ሥራ የሚያሳድድ ሰው ያለዚህ ቁጥር ብዙ ይደክማል።

ለማጠብ 1 ሊትር የተጣራ ውሃ (የባትሪ ውሃ ስትሉ አሲዱን እንዳይሰጧችሁ!)፣ 2 ወይም 3 ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። ቦዩን ተከትላችሁ በዙሪያ እሹት፤ ከመሃል ወደ ዳር ከሆነ አሸዋው ይጭረዋል። የመሃሉን ወረቀት ውሃ አይንካው። በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ ጥላ ውስጥ አቁማችሁ አድርቁ። አልኮል ግን በድሮዎቹ ባለ 78 ዙር ላይ በፍጹም! የተሠሩበትን ሙጫ ያሟሟዋል።

መሃሉ ሰፊ ቀዳዳ ያለው (38 ሚሊ ሜትር ገደማ) ማሟያ ክብ ይፈልጋል። በግምት መሃል ላይ ካስቀመጣችሁት ድምፁ ይዋዥቃል።