ጫማ ማስወለቅ
ቁመቱ 54 ሚሊ ሜትር የሆነ የፈረንሳይ እግረኛ ወታደር ትንሽ ቅርጽ (ሞዴል) ወደ 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ዘማች ለመቀየር ስነሣ፣ ከጎፈሩና ከጋሻው ይልቅ ያስቸገረኝ እግሩ ነበር። ጫማውን በስለት ልጬ ካነሣሁ በኋላ፣ ሲቀላቀሉ የሚደርቁትን ሁለቱን የኢፖክሲ (የሙጫ ዓይነት) ሊጦች እኩል ለውሼ፣ ሳይደርቅ ውኃ በነካ መርፌ ዐሥሩን ጣቶች አንድ በአንድ ለየሁ፤ የግራው ትንሽ ጣት ግን ዛሬም ከጤፍ ፍሬ አይለይም። ጎራዴውን ደግሞ በግራ ጎኑ ለጥፌው ነበር። የአገራችን ተዋጊ በቀኝ እንደሚታጠቅ ትዝ ያለኝ ሙጫው ከደረቀ በኋላ በመሆኑ (ስንት ሥዕል አይቼ!)፣ ቆርጬ ማዛወር ግድ ሆነብኝ። የያዘው ጠመንጃ ፉዚል ግራ፣ በእኛ አጠራር ውጅግራ፣ በዐድዋም ስለነበረ እንዳለ ተውሁት።