የአቃቂ ውሃና የድፍድፉ ፒኤች

አቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ቢራ ለመጥመቅ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ውሃ ማፍያውን ከፍቶ ይመልከት። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ውሃው ባይካርቦኔት (አሲድን የሚያዳክም ማዕድን) የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ነው። በእንዲህ ያለ ውሃ ነጣ ያለ ብቅል ብቻ ሲደፈደፍ ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) 5.8 ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። እኔ የምፈልገው ከ5.3 እስከ 5.4 ነው። ከፍ ሲል የብቅሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጡት ኢንዛይሞች ይዳከማሉ፤ ከገብሱ ገለፈት የሚወጣው ታኒንም ቢራውን አፍ የሚያኮማትር ያደርገዋል።

የውሃውን ፒኤች ብቻ ማወቅ ብዙም አይረዳም። ሁለቱም 7 የሚያሳዩ ውሃዎች ባይካርቦኔታቸው ከተለያየ ድፍድፉ ላይ ፍጹም ይለያያሉ። መለካት ያለበት ድፍድፉ ራሱ ነው። 5 ኪሎ ብቅል በ15 ሊትር ውሃ 66 ዲግሪ ላይ ደፍድፌ በደንብ አማስላለሁ። 10 ደቂቃ ሲሞላው ትንሽ ፈሳሽ በስኒ ቀድቼ ስኒውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቆመዋለሁ፤ 25 ዲግሪ ሲደርስ እለካለሁ። በትኩሱ ሲለካ ቁጥሩ ከ0.2 እስከ 0.3 ዝቅ ይላል፣ መለኪያውም ቶሎ ይበላሻል። መለኪያው በዕለቱ ፒኤቻቸው 4.01 እና 7.00 በሆኑ የማስተካከያ ፈሳሾች ካልተስተካከለ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ለማውረድ 88 በመቶ ላክቲክ አሲድ እጠቀማለሁ። ለዚህ መጠን ብቅል ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሊትር 0.1 ገደማ ያወርዳል። በሲሪንጅ ጥቂት ጥቂት እየጨመርኩ፣ እያማሰልኩ፣ እንደገና እለካለሁ። ሁሉንም በአሲድ ለማውረድ መሞከር ግን አያዋጣም፤ ወደ 8 ሚሊ ሊትር ሲጠጋ ጣዕሙ ቢራው ላይ መታወቅ ይጀምራል። ስለዚህ ውሃውን ከዋዜማው 3 ግራም ለምግብ የሚሆን ካልሲየም ክሎራይድ ጨምሬ አፈላዋለሁ። ሲያድር ነጩ ዝቃጭ ታች ይቀራል፤ ከላይ የጠለለውን ብቻ እወስዳለሁ። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው አሲድ በጣም ይቀንሳል። አቼቶ አይሞከር፣ ሽታው አይለቅም። ሎሚም ኃይሉ ከፍሬ ፍሬ ስለሚለያይ ልኩ አይታወቅም።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የትናንቱ ልክ ለዛሬ አይሠራም። ከለገዳዲ ግድብ መስመር የተቀዳ ለስላሳ ውሃ ላይ ያንኑ አሲድ የጨመረ ሰው ከ5.2 በታች ይወርድበታል። የተቆላ ጥቁር ብቅል ሲገባም እንዲሁ፤ ብቅሉ ራሱ ፒኤቹን ስለሚያወርድ ሳይለኩ አሲድ መጨመር አያስፈልግም።

የቀረውን ስኳር ለማውጣት ብቅሉን የማለቀልቅበትን ውሃ ፒኤችም ከ6 በታች አወርደዋለሁ፤ ታኒኑ በብዛት የሚወጣው ስኳሩ ሲሳሳ፣ መጨረሻ ላይ ነው።