460 ከየት መጣ?

ትናንት ማታ የደሴ ብርድ ብሶበት ነበር። ጋቢዬን ተከናንቤ የአራተኛ ክፍል ደብተር አርማለሁ። ጥያቄው 47 × 36 እና 46 × 37፣ የቱ ይበልጣል የሚል ነው። ምልክቱን ብቻ እያየሁ ራይት፣ ራይት እያልኩ ስሄድ (ያን ሁሉ ደብተር ቆልሎ እንዲህ ያላረመ መምህር ይውገረኝ) አንዱ ላይ ዓይኔ ቆመ። ምልክቱ ልክ ነው። ብዜቶቹ ግን 423 እና 460!

46 በ37 እንዴት 460 ይሆናል? 460 እኮ 46 በ10 ነው። አሠራሩን ሳየው ገባኝ። 7 በ46፣ 322። 3 በ46፣ 138። ሁለተኛውን መስመር አንድ ቤት ወደ ግራ ሳያስገባ እዚያው ሥር ደምሮታል፤ 3ቱ 30 መሆኑ ቀርቶ በ7 እና በ3፣ ማለትም በ10 አባዝቶ አረፈው። ራይት ያልኳቸውን መልሼ ስገልጥ ሌሎች አምስት ልጆችም 460 ብለዋል። በራሴ አፈርኩ።

ዛሬ ጠዋት ሁለቱን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና ማባዛት ከለከልኳቸው። "47 ስለሚበልጥ የመጀመሪያው!" አለ አብዛኛው። ከኋላ ወንበር እናቷ ሰኞ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ 46 ኪሎ ሽንኩርት፣ ኪሎው በ36 ብር ይሁን። አንድ ኪሎ ብጨምር 36 ብር ነው የማገኘው። ዋጋው ላይ አንድ ብር ብጨምር ግን ከ46ቱም ኪሎ አንድ አንድ ብር አገኛለሁ።"

እኔ እኮ አራት ማዕዘን ሥዬ ላስረዳ ነበር የተዘጋጀሁት። "ነይ እስኪ ሆድዬ፣ ወጥተሽ አሳያቸው" ብዬ ጠመኔውን ሰጠኋት።

ከዚያ አባዛን፣ መስመሩንም በየቤቱ አስገባን። 1692 እና 1702። ልዩነቱ 10፤ ያው የ46 እና የ36 ልዩነት። 460 ያለው ልጅ ደብተሩን ቶሎ ብሎ በላጲስ ሲፈትግ አየሁት፣ ዝም አልኩ።

"45 በ38ስ?" ስል ሳልጨርስ "ይበልጣል!" ብለው ጮኹ። 1710 ነው፣ ልክ ናቸው። አንዱ ግን "ቲቸር፣ እስከ የት ነው እየበለጠ የሚሄደው?" አለኝ። ደወል አዳነኝ።

አሁን ማታ ቁጭ ብዬ ስሞክር 42 በ41 ላይ 1722 ደረስኩ። 40 በ43 ስል 1720።